የበረኛው ቀኝ እግር

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

የጠዋቱ ቆጠራ፦ በትናንቱ ጨዋታ ቅብብል 311። ያገባነው 0። የገባብን 2። ከሱቅ የወጣ፦ ሸራ 4፣ የናይሎን ገመድ 60 ሜትር።

ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ያ የምትሠራበት የበረዶ መጋዘን ጣቶችህን እንዳይነካብህ ፈጣሪ ይጠብቅህ። እኛ ደኅና ነን። በስልክ ስናወራ የሁለታችንም ድምፅ እየጨመረ ይሄዳል፤ ባለፈውማ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ስለዚህ ወደ ወረቀቱ ብንመለስ ይሻላል ብዬ ነው። ደግሞ እንደምታውቀኝ የምጽፍልህ ከማስታወሻ ደብተሬ እየገለበጥኩ ነው፤ ቁጥር ቢበዛበት አትቀየመኝ።

አዲሱ የቡድናችን አሰልጣኝ ሥራ ከጀመረ ስድስት ሳምንት ሆነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ አንድ ሹራብ የሚለብስ ሰው ነው። ሜዳ ዳር ቆሞ የሚናገራት ቃል «እርጋታ!» ብቻ ስለሆነች ደጋፊው ስሙን እርጋታ ብሎታል። ትምህርቱ አጭር ነው። ኳሷ እኛ ጋ እያለች ማንም ሊያገባብን አይችልም፤ ስለዚህ በከንቱ አትስጧት ይላል። በረኛው ወደ ሩቅ አይጠልዝም። ለቅርቡ ተከላካይ ይሰጣል፣ ተከላካዩ ለአማካዩ፣ አማካዩ መንገድ ካጣ ወደ ኋላ ይመልሳል። አንተ በረኛና አምበል በነበርክበት ዘመን ኳስ ወደ አንተ የመለሰ ተከላካይ ምን ይሰማ እንደነበር እኔ ልንገርህ አልችልም።

እኔ የቡድኑ ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት የግብ መረብ ስለሸጥኩላቸው እንጂ ኳስ ስለማውቅ አይደለም። አሰልጣኙ ግን የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ከእናንተ ውስጥ ቆጠራ የማይሳሳት ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አሁን እሁድ እሁድ ጥላ ፎቅ ላይ እቀመጣለሁ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ የማሊያውን ቁጥር ይጠራልኛል፣ እኔ ደብተር ላይ ጭረት አደርጋለሁ። ድምሩ እንዳይጠፋኝ ደግሞ አሥር በሞላ ቁጥር አንድ ምስማር ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ ኪሴ አሻግራለሁ። ሰኞ ጠዋት የየተጫዋቹን ቁጥር ጽፌ የሱቁ በር ላይ እለጥፋለሁ። ሰው የሠራውን ቢያይ ጥሩ ነው ብዬ።

ሁለቱም ግቦች የገቡት ከበረኛው ልጅህ እግር በወጣ አጭር ኳስ ነው። ጥላ ፎቁ በሙሉ «የመድፉ ልጅ፣ ጠልዘው እንጂ!» እያለ ይጮህ ነበር። ከሄድክ ስምንት ዓመትህ ነው፤ ቅጽል ስምህ ግን እዚህ ቀርቷል። ልጅህ ዛሬ ጠዋት ሸራ አራግፎልኝ ወደ ልምምድ ሄደ።

ነገ፦ ጣውላ ነጋዴው ጋ ሄዶ ስለ መደርደሪያው መነጋገር።

እህትህ

*

ጥቅምት 27

ለውድ እህቴ፤

ሰላምና ጤና ካንቺም ከሱቅሽም አይጥፋ። ደብዳቤሽ በሃያ ቀኑ ደረሰኝ። ከላይ ሳየው የዕቃ ርክክብ ወረቀት መስሎኝ ለአለቃዬ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሸራ አራት! ወንድምሽ በስደት ሸራ ስንት እንደተሸጠ ሳያውቅ እንዳይሞት ብለሽ ነው?

እኔ እንዳለሁ አለሁ። ሳጥን የሚያነሣውን ፎርክሊፍት ይዤ ብርድ ውስጥ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። መጋዘኑ ከዜሮ በታች ሃያ ነው። ከዚያ ስወጣ ውጭው ይሞቀኛል፤ ሰው ካፖርት ለብሶ ሲሮጥ እኔ ቆሜ አየዋለሁ። የምኖርበት ክፍል አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ ከተበላሸ ወሩን ደፈነ። ጉልበቴ ደረጃውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቆጠራ በዘራችን ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ልጄ አጭር ሰጠ? ማን አስተማረው? ያ ልጅ እኔ ስሄድ ገና በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከግብ ክልል መትቶ ከመሐል ክብ ማዶ ይጥል ነበር። ቆሜ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በረኛ ሲጨንቀው ይመታል፤ ኳሷ ሰማይ ላይ እያለች ቡድኑ ትንፋሽ ይወስዳል። አሰልጣኛችሁ ይህን አያውቅም ማለት ነው። ለልጁ ንገሪልኝ፦ አባትህ ጠልዝ ብሎሃል በይው።

ሌላው ወሬ ደግሞ ይህ ነው። በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የአንድ ወር ፈቃድ ጠይቄ ተፈቀደልኝ። ግንቦት ላይ እመጣለሁ፣ ቲኬቱንም ቆርጫለሁ። የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ጥላ ፎቅ ላይ ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። መሐል ላይ ቦታ ያዥልኝ። ልጄ ከእግሩ አውጥቶ ሲመታት፣ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ሲነሳ አንድ ጊዜ ልይ። ስመጣ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ

*

ሰኞ፣ ኅዳር 24

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ቅብብል 604። ያገባነው 0። የገባብን 1። ደረጃ፦ ከታች ሁለተኛ። ከሱቅ የወጣ፦ ለወንድሜ አልነግርም።

ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን አለህልኝ? ጉልበትህን ፈጣሪ ይጠግንልህ፤ ለአሳንሰሩም እንዲሁ እጸልያለሁ።

መምጣትህን ስሰማ ተቀምጬ ነበር፣ ተነሳሁ። ቦታህ መሐል ላይ ነው፤ ጥላ ፎቁን ለሚጠብቁት ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ።

ስድስት መቶ አራት ሲሉህ ያሸነፍን ይመስልሃል። ጉዱን ልንገርህ። ተጫዋቾቹ ሰኞ ሰኞ ሱቅ ሳልከፍት በሩ ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። ወረቀቱን ስለጥፍ ተገፋፍተው ያያሉ። ግራ ተከላካያችን፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ባለፈው ወር በቅብብል ከሁሉ የመጨረሻው ነበር፤ ትናንት አንደኛ ወጣ፣ 97። እንዴት መሰለህ? እሱና የመሐል ተከላካዩ አሥር እርምጃ ተራርቀው ይቆሙና ይሰጣጣሉ። ስጠኝ፣ እንካ፣ ስጠኝ፣ እንካ። ፀጉር አስተካካዩ ቁጥር መጥራት ሰለቸውና «እነዚህ ሰዎች ተጫጭተዋል እንዴ?» አለኝ። አጥቂያችን ወገቡን ይዞ ቆመ። «ያንን ሰውዬ መግቢያ ያስከፍሉት፣ እንደኛው ተመልካች ነው» አለ አንዱ ከኋላዬ። ባላጋራዎቻችን አንድ ጊዜ ኳስ አገኙ፣ አንድ አገቡ፣ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት አሰልጣኙ ሱቅ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«እትዬ፣ ይህን ማን ይለጥፉ አለዎት?»

«ቁጠሪ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ይቁጠሩልኝ አልኩ እንጂ ያሳዩዋቸው አላልኩም።»

«ሰው የሠራውን ቢያውቅ ምን ይጎዳዋል?»

«አሁን የሚጫወቱት ለወረቀቱ ነው። ኳሷን ያዙ ያልኳቸው መንገድ እስኪከፈትላቸው ነበር። እነሱ እዚያው ቤት ሠርተው ተቀመጡ።»

ሥራ እንዳለበት ሰው ገመድ ልለካ ዞርኩ። ሲሄድ ግን አሰብኩት። ዕቃ አመላላሾቼን በምልልስ ብዛት ብመዝናቸው ግማሽ ግማሽ ሸክም ተሸክመው ቀኑን ሙሉ ይመላለሱ ነበር። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ወረቀቱን ቀድጄ ጣልኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሁለት ወር ጨዋታ በእኔ በር ላይ ተበላሸ። ከእንግዲህ የምቆጥረው የባላጋራ ሰው አልፋ የሄደች ኳስ ብቻ ነው። በየትኛው እግር እንደተሰጠችም እጽፋለሁ፤ አሰልጣኙ ጠይቆኛል። ደብተሩን ከእሱ በቀር ማንም አያይም።

ልጅህ ደኅና ነው። መልእክትህን ነግሬዋለሁ።

ነገ፦ የሱቁን በር ሙጫ ማስፋቅ።

እህትህ

*

ታኅሣሥ 16

ለእህቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ገጽ ጽፈሽ ስለ ልጄ አንድ መስመር። ጎማ ጠጋኙን እንደ ወንድሜ አወቅሁት፤ ስለ ገዛ ልጄ ግን «ደኅና ነው»። እሱም ይጽፍልኛል፣ «ደኅና ነኝ»። ሁለታችሁም አንድ ቃል ይዛችሁ ትጠብቁኛላችሁ።

መልእክቴን ስትነግሪው ምን አለ? መታ ወይስ አልመታም? ይህን ነው የጠየቅሁት።

ደክሞኛል፣ እህቴ። እዚህ ሰው የለኝም። ቅዳሜ ሲመጣ አንድ ነገር እጠብቃለሁ፤ እሁድ ልጄ ቡድኔ ውስጥ፣ የእኔ ግብ ላይ ይቆማል እላለሁ። ሌላው ቀን ሁሉ ሳጥን ማንሳትና ሳጥን ማስቀመጥ ነው። አሁን እሱንም አሰልጣኙ ወሰደብኝ። ከታች ሁለተኛ! እኔ በነበርኩበት ጊዜ ከአምስተኛ ወርደን አናውቅም።

ለኮሚቴው ሊቀመንበር ጽፌለታለሁ። አብረን ተጫውተናል፣ አይጨክንብኝም። ሰውዬው ይሂድ፣ ከመውረዳችን በፊት አጨዋወቱ ወደ ቦታው ይመለስ ብዬዋለሁ። ሊቀመንበሩ ከራሱ ሌላ ሁለት ሰው ይዟል፤ ከአንቺ ጋር አራት ይሆናሉ። ከሰባት አራት ይበቃል። ድምፅሽን ለእኔ ስጪልኝ። በሕይወቴ ስንት ነገር ለመንኩሽ?

የሸራውን ወሬ ተይው።

ወንድምሽ

*

ሰኞ፣ የካቲት 4

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ሰው ያለፈች ኳስ 58። ያገባነው 1። የገባብን 1። የቅዳሜው የኮሚቴ ድምፅ፦ ይቆይ 4፣ ይሂድ 3። አራተኛው የእኔ ነው።

ለወንድም ጋሼ፤

ልብህን ያስፋልህ። ዛሬ ከዚህ የተሻለ ምርቃት የለኝም።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ አራት ሳምንት ሆኖታል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ተውኩት። ለልጅህ ቃል ገብቼለት ስለነበር ነው። አሁን ቃሌን ላፈርስ ነው፤ ድምፄን ለምን እንደከለከልኩህ ሳልነግርህ ብቀር ግን ዕድሜ ልክህን ትቀየመኛለህ።

የእግሩን ቆጠራ ከጀመርኩ በአራተኛው ጨዋታ ደብተሩን ስደምር የልጅህ መስመር ላይ አንድ ነገር አየሁ። በግራ እግር 71። በቀኝ 0። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ፀጉር አስተካካዩን ጠየቅሁት፤ እሱም አስቦ አስቦ «እውነትም» አለ። ያንን መድፍ የሚባለውን እግር በአራት ጨዋታ አንድ ጊዜ አልተጠቀመበትም።

ሱቅ ውስጥ ገመድ ሲጠቀልል ጠየቅሁት።

«ቀኝ እግርህ የት ሄደ?»

«ይኸው አለ፣ አክስቴ» ብሎ ሳቀ።

«እኔ አንድ ወር አላየሁትም።»

ሳቁን ተወው። ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ። ከዚያ ነገረኝ። ዳሌው ነው። ሁለት ዓመት ሆኖታል። በኃይል ሲመታ መገጣጠሚያው ውስጥ ቢላ የገባ ያህል ያመዋል፣ ሌሊቱን መተኛት አይችልም። ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ራጅ ተነሥቷል፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል፣ ካልሆነ መራመዱም ያስቸግርሃል ብለውታል። ያንን ራጅ ከእኔው ሸራ ጥቅል ኋላ ደብቆት ነበር። ዕቃዬን ሁሉ ቆጥሬ የማውቅ ሴት፣ ይህን አላየሁም።

«ለምን አልታከምክም?» አልኩት።

«አባዬ መጥቶ አንድ ጊዜ ግብ ላይ ቆሜ ይየኝ። ከዚያ በኋላ እንዳሉኝ እሆናለሁ። እንዳትነግሪው፣ በእሱ ይሁንብሽ።»

ይኸው፣ ነገርኩህ።

አሰልጣኙም ያውቃል። ሄጄ ጠይቄዋለሁ። «በመጀመሪያው ልምምድ አየሁት» አለኝ። ለእሱ ብለህ ነው ወይ አጨዋወቱን የቀየርከው ስለው «አይደለም፤ የማውቀው ይህንን ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ እትዬ። ልጁ በዚህ አጨዋወት ዓመቱን ይጨርሳል። በድሮው ከሆነ አንድ ወር አይቆይም» አለኝ። ጥላ ፎቁ ሲሰድበው፣ ሊቀመንበሩ ሲያፋጥጠው፣ ይህን አውጥቶ አልተናገረም።

እንግዲህ ፍረድ። ሊቀመንበሩ እጅ አውጡ ሲል የአንተ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እጄ ከብዶኝ ነው ያወጣሁት።

ነገ፦ ይህን ደብዳቤ ሐሳቤን ሳልቀይር በጠዋት ፖስታ ቤት ማድረስ።

እህትህ

*

መጋቢት 30

ለእህቴ፤

እግዜር ያክብርሽ። የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ተቀይሜ ነበር፣ አልዋሽሽም። ከዚያ በኋላ ግን የምጽፈው ነገር አጣሁ።

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት መጫኛው በር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ዳሌው የሚለው ላይ ስደርስ አጠፍኩት። ፎርክሊፍቱን አስነሥቼ ገባሁ፣ ምን አንሥቼ የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። የዓሣውን ሳጥን አትክልቱ ላይ ደርድሬ ተገኘሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ጠዋት ጠዋት ሜዳ እወስደው ነበር። ሁለት መቶ ኳስ ሳይመታ አንመለስም። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ ይመታል። አንድ መቶ ሰማንያ ላይ ሲደክመው ወደ አንድ መቶ ስድሳ መልሼ እንደገና አስጀምረው ነበር፣ ልቡ እንዲጠነክር ብዬ። አንዳንድ ቀን እያነከሰ ይመለስ ነበር። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ምን ሆነ?» ስትለኝ «ጫማው ጠቦት ነው» እላታለሁ። አዲስ ጫማ ገዛችለት። አዲሱም ጠበበው። እኔም ጠበበው ብዬ አለፍኩ።

ይህን ሁሉ ጊዜ አጭር ሰጠ እያልኩ የምናደደው ለዚህ ነው መሰለኝ። አንድ ነገር ይሸተኝ ነበር፣ ስሙን ልጠራው አልፈለግሁም።

ፈቃዴን መለስኩት። አለቃዬ ገርሞት «ምነው?» አለኝ። «ሰው ታሞብኝ» አልኩት። «ታዲያ ሰው ከታመመ አይኬድም እንዴ?» አለኝ። ጓንቴን አጥልቄ ወደ ብርዱ ገባሁ። ለአንቺ ግን ልመልስልሽ። ጥላ ፎቁ ላይ ካየኝ ይመታል። አውቀዋለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግሁት። ለእኔ ብሎ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ያቺ አንዷ ትበቃዋለች። ስለዚህ አልመጣም። ስምንት ዓመት የጠበቅሁትን ጨዋታ ላለማየት ራሴን ያዝኩ።

የያዝሽልኝን ቦታ ለሌላ ሰው ስጪው። ይህን ደብዳቤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ለልጁ አሳዪው፤ በፊት እንዳታሳዪው። አሰልጣኙንም ካገኘሽው... ተይው፣ ራሴ እጽፍለታለሁ።

ወንድምሽ

*

ሰኞ፣ ግንቦት 12

የጠዋቱ ቆጠራ፦ ሰው ያለፈች ኳስ 63። ያገባነው 1። የገባብን 1። አልወረድንም። በአንድ ነጥብ።

ለወንድም ጋሼ፤

ሰላም ይብዛልህ። ትናንት ቦታህን ለማንም አልሰጠሁም፤ ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት።

አቻ ይበቃን ነበር። ሰባኛው ደቂቃ ላይ አቻ ሆንን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልመኝልህም። ባላጋራዎቻችን ሁለቱን አጥቂዎቻቸውን ልጅህ ላይ ለቀቁበት። ኳስ በመጣለት ቁጥር እየሮጡ ይመጡበታል። ጥላ ፎቁ ቆመ። «ጠልዘው! ጠልዘው!» አለ ሕዝቡ። ፀጉር አስተካካዩ ጮኸ። አንድ ጊዜ አጥቂው ሁለት እርምጃ ሲቀረው እኔም ጮኽኩ። ሁሉን የማውቀው እኔ። የራሴን ድምፅ ስሰማው አፈርኩ።

አልጠለዘም። በጫማው ታች ኳሷን ረግጦ ቆመ፣ አጥቂው እስኪደርስ ጠበቀ፣ በግራው ለጎማ ጠጋኙ ሰጠ። መለሰለት። እንደገና ሰጠ። አንድ ጊዜ አይቼው ነበር፤ ቀና ብሎ ወደ መሐሉ መቀመጫ፣ ወደ ቦርሳዬ ተመለከተ። ከዚያ አጎነበሰና ሰጠ። ዳኛው ሲያፏጭ ወዲያው የጨፈረ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ተቀመጠና «ተረፍን እንበል ወይስ ደከመን እንበል?» አለኝ። አሰልጣኙ ሹራቡን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት፣ መልሶ ለበሰው።

ዛሬ ጠዋት ልጅህ እንደ ሁልጊዜው ሱቅ ሊከፍት መጣ። መዝጊያውን ሳያነሣ «አባዬ ተቆጥቶ ነው ያልመጣው?» አለኝ። ደብዳቤህን አውጥቼ ሰጠሁት፣ መዝጊያውን እኔ አነሣሁ። ገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጦ አነበበው። ደንበኛ መጣ፣ ሄደ፣ እሱ ቀና አላለም። ሁለተኛ ጊዜ አነበበው።

«ጫማውን ያስታውሰዋል» አለ።

«ያስታውሰዋል።»

«ጠቦኝ አያውቅም እኮ፣ አክስቴ። እሱ ጠበበህ ሲለኝ ነው እሺ ያልኩት።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከእንግዲህ ደብዳቤው እኔ ጋ የለም። ቃሌን በማፍረሴ ይቆጣኛል ብዬ እጠብቅ ነበር፣ አልተቆጣኝም። ብቻ ሸራውን ሁሉ ደርድሮ ከጨረሰ በኋላ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ «ልታከም ነው። ቀዶ ሕክምናም ካሉኝ እሺ እላለሁ። ብቻዬን ግን አልሄድም» አለ። ራሱ እንደሚጽፍልህም ነግሮኛል። መቼ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፣ አንተም አታስቸኩለው።

ነገ፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ ከልጅህ ጋር አጥንት ሐኪም ዘንድ።

እህትህ